ስልክ ምስክር ሲሆን፦ በስማርት ስልክ የታገዘ የኦሪየንቴሪንግ ሩጫ አጀማመር

መግቢያ

ኦሪየንቴሪንግ ካርታና ኮምፓስ ይዞ፣ በካርታው ላይ የተመለከቱ ነጥቦችን በቅደም ተከተል ፈልጎ በማግኘት፣ በአጭር ጊዜ ለመጨረስ የሚደረግ የሩጫ ስፖርት ነው። ከጎዳና ሩጫ የሚለየው መንገዱ አስቀድሞ ያልተሰመረ በመሆኑ ነው። አዘጋጁ ሯጩ ሊደርስባቸው የሚገቡትን ነጥቦች ብቻ ያመለክታል፤ ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ኮረብታውን አቋርጦ መውጣት ወይም ዞሮ መሄድ እንደሚሻል የሚወስነው ሯጩ ራሱ ነው። በመሆኑም በዚህ ስፖርት የእግር ፍጥነት ብቻውን አያሸንፍም፤ በተሳሳተ አቅጣጫ በፍጥነት የሮጠ ሰው ከመድረሻው በፍጥነት የራቀ ሰው ነው።

ስፖርቱን ለመጀመር ቀደም ሲል ሦስት ነገሮች የግድ ያስፈልጉ ነበር፤ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ዝርዝር ካርታ፣ በየነጥቡ የሚተከል ብርቱካናማና ነጭ ቀለም ያለው ምልክት፣ እንዲሁም ሯጩ በነጥቡ ላይ መገኘቱን የሚያረጋግጥ የወረቀት መብሻ ወይም የኤሌክትሮኒክስ መመዝገቢያ። ስማርት ስልክ የኋለኞቹን ሁለት ነገሮች ተክቷቸዋል። ነጥቡ በተተከለ ምልክት ፈንታ በኬክሮስና በኬንትሮስ ይመዘገባል፤ ሯጩ ወደ ቦታው ሲቀርብ ስልኩ ድምፅ ያሰማል፣ የደረሰበትንም ሰዓት ይይዛል። በዚህ ምክንያት ክበብም ሆነ በጀት የሌላቸው ጥቂት ተማሪዎች እንኳ በሚማሩበት ቅጥር ግቢ ውስጥ ስፖርቱን ሊጀምሩ ይችላሉ።

ይሁን እንጂ ያው ስልክ ስፖርቱን ከነትርጉሙ ሊያጠፋው ይችላል። ሯጩ ያለበትን ቦታ በሰማያዊ ነጥብ ካርታው ላይ የሚያሳየው መሣሪያ፣ ሯጩ በራሱ አእምሮ ሊመልሰው የሚገባውን ጥያቄ ይመልስለታል። ስለዚህ ጀማሪ አስቀድሞ ሊወስነው የሚገባው ጉዳይ የስልኩ ድርሻ የት ላይ እንደሚያበቃ ነው። ይህ ጽሑፍ ስልኩ በዚህ ስፖርት ውስጥ የተሻለ አገልግሎት የሚሰጠው መንገድ መሪ ሳይሆን የተከናወነውን የሚመሰክር መሣሪያ ሲሆን እንደሆነ ያስረዳል፤ ለዚህም የመሣሪያውን አሠራር፣ የጥናት ማስረጃዎችንና የአጀማመር ቅደም ተከተልን ያቀርባል።

የስፖርቱ አመጣጥና የስልኩ መግባት

ኦሪየንቴሪንግ የተወለደው በስካንዲኔቪያ ወታደራዊ ሥልጠና ውስጥ ነው። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1886 በስዊድን የጦር አካዳሚ ውስጥ ጥቅም ላይ እንደዋለ ይነገራል፤ ትርጉሙም በካርታና በኮምፓስ እየተመሩ ያልታወቀ መሬትን ማቋረጥ ነበር። ለሲቪሎች የተዘጋጀው የመጀመሪያው ውድድር እ.ኤ.አ. በ1897 በኖርዌይ ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ1919 የስዊድኑ ሻለቃ ኤርንስት ኪላንደር በስቶክሆልም አቅራቢያ ከ200 በላይ ሰዎች የተሳተፉበትን ውድድር ካዘጋጀ በኋላ ስፖርቱ በሕዝብ ዘንድ እየተስፋፋ ሄደ። ዓለም አቀፉ የኦሪየንቴሪንግ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1961 በ10 የአውሮፓ አገሮች ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮናም እ.ኤ.አ. በ1966 በፊንላንድ ተደረገ።

የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ ለተራው ሕዝብ በሚጠቅም ደረጃ የተከፈተው ከዚህ በጣም ዘግይቶ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በሲቪሎች የጂፒኤስ ምልክት ላይ ሆን ብሎ ይጨምረው የነበረውን ማዛባት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 አነሣ። ከዚያ በኋላ ጂፒኤስ በስልኮች ውስጥ ሲገባ፣ በመሬት ላይ ምንም ምልክት ሳይተከል ሩጫ ማዘጋጀት ተቻለ። በአውስትራሊያ የተሠራው ማፕራን እና በኖርዌይ የተሠራው ኡሲንሊግ-ኦ የዚህ ዓይነት መተግበሪያዎች ናቸው፤ የኋለኛው ስያሜ በኖርዌይኛ "የማይታይ" ማለት ሲሆን ምልክቶቹ በዓይን የማይታዩ መሆናቸውን ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ስብሰባ በተከለከለበት ወቅት፣ ሰዎች ለየብቻቸው በፈለጉት ሰዓት ሊሮጡ የሚችሉበት ይህ ዘዴ በብዙ አገሮች ተስፋፋ።

ሆኖም የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የውድድር ደንብ በመሠረታዊው ጉዳይ ላይ አልተለወጠም። በውድድር ጊዜ ሯጩ አቅጣጫ ለመፈለግ ሊጠቀምባቸው የሚችላቸው አዘጋጁ የሰጠው ካርታና የነጥቦች መግለጫ እንዲሁም ኮምፓስ ብቻ ናቸው። ጉዞን የሚመዘግብ ሰዓት መያዝ የሚፈቀደው ካርታ የማያሳይና ለአቅጣጫ ፍለጋ የማያገለግል ከሆነ ነው። ደንቡ በመመዝገብና በመምራት መካከል ግልጽ ድንበር ያሰምራል፤ ጀማሪም ሊከተለው የሚገባው ይህንኑ ድንበር ነው።

ስልኩ ነጥብን የሚያውቅበት መንገድ

ስልኩ ምስክር እንዲሆን ከተፈለገ የምስክርነቱን ጥራት ማወቅ ያስፈልጋል። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆነው የሰዓት ምልክት ያስተላልፋሉ። ስልኩ ምልክቱ ለመድረስ የፈጀውን ጊዜ በመለካት ከእያንዳንዱ ሳተላይት ያለውን ርቀት ያሰላል፤ የራሱ ሰዓት ትክክለኛ ስላልሆነም ቦታውንና የሰዓቱን ስህተት አብሮ ለማስላት ቢያንስ 4 ሳተላይቶችን መያዝ አለበት። የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ ውስጥ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ እጅግ ጥቃቅን የጊዜ ልዩነቶች በመሬት ላይ ወደ ሜትሮች ይለወጣሉ። የአሜሪካ መንግሥት ስለ ጂፒኤስ ያወጣው መግለጫ እንደሚያመለክተው፣ ጂፒኤስ ያለው ስማርት ስልክ ሰማዩ ክፍት በሆነበት ቦታ በተለምዶ በ4.9 ሜትር ራዲየስ ውስጥ ትክክል ነው። ሕንፃ፣ ግንብና ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ባለበት ግን ምልክቱ ከግድግዳ ላይ ነጥሮ ወይም ተዳክሞ ስለሚደርስ ስህተቱ ይጨምራል።

በዚህ ምክንያት መተግበሪያዎቹ ነጥቡን እንደ አንድ ጠባብ ስፍራ ሳይሆን እንደ ክብ ይወስዱታል። በማፕራን የተለመደው የክቡ ራዲየስ 15 ሜትር ነው። አዘጋጁ ክቡን ቢያጠብበው፣ በትክክል ነጥቡ ላይ የቆመ ሯጭ ሳይመዘገብለት ይቀራል፤ ቢያሰፋው ደግሞ ሯጩ ነጥቡን ሳያይ ስልኩ ይጮኽለታል። ከዚህ የሚከተለው የአዘጋጅ ደንብ ቀላል ነው። ነጥቦች ከረጅም ሕንፃ ጥግ ይልቅ ሰማይ በሚታይባቸው ቦታዎች ይደረጉ፤ ሁለት ነጥቦችም ክቦቻቸው እንዳይነካኩ ቢያንስ ከ40 እስከ 50 ሜትር ይራራቁ። በተለይም ነጥብን ከግንብ አጥር ማዶ ማድረግ አይገባም፤ ስልኩ አጥሩን ስለማያውቀው በወዲህኛው ወገን ላለ ሯጭም ይጮኻል።

ሁለተኛው ጉዳይ ስልኩ ቦታውን በየስንት ሰከንዱ እንደሚለካ ነው። በሰከንድ 4 ሜትር የሚሮጥ ሰው፣ ማለትም አንዱን ኪሎ ሜትር በ4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ የሚጨርስ፣ 30 ሜትር ስፋት ያለውን ክብ በመሐል ቢያቋርጠው 7.5 ሰከንድ ይፈጅበታል። ስልኩ በየሰከንዱ የሚለካ ከሆነ በክቡ ውስጥ ሰባት ጊዜ ያህል ያገኘዋል። ባትሪ ለመቆጠብ ሲል በየ10 ሰከንዱ ብቻ የሚለካ ከሆነ ግን ሯጩ በሁለት ልኬቶች መካከል 40 ሜትር ስለሚጓዝ ክቡን ሳይመዘገብ ሊያልፈው ይችላል። "ደርሼ ነበር፣ ስልኬ ግን አልጮኸም" የሚለው የጀማሪዎች አቤቱታ በአብዛኛው ምንጩ ይህ ነው። ስለዚህ ለመተግበሪያው የባትሪ ቁጠባን ማጥፋት፣ ስክሪኑ ሲዘጋም ቦታ እንዲለካ መፍቀድ፣ ካርታውን ከሩጫው በፊት በኢንተርኔት አውርዶ መያዝ፣ ከመነሣትም በፊት ክፍት ቦታ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ስልኩ ሳተላይቶቹን እስኪይዝ መጠበቅ ይገባል።

ሰማያዊው ነጥብ የሚወስደው ድርሻ

የሰውና የእንስሳት አእምሮ አካባቢን ከላይ እንደሚታይ ካርታ አድርጎ ይይዛል የሚለውን ሐሳብ ኤድዋርድ ቶልማን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጽሑፍ አቀረበ። ጆን ኦኪፍ እ.ኤ.አ. በ1971 ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ አይጧ በተወሰነ ቦታ ላይ ስትገኝ የሚነቁ ሴሎችን አመለከተ። ሜይ-ብሪት ሞሰርና ኤድቫርድ ሞሰር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ቦታን እንደ መረብ ከፋፍለው የሚለኩ ሴሎችን ገለጹ። ሦስቱ እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። የአእምሮ ካርታ ከዚህ አንጻር ሲታይ ዘይቤያዊ አነጋገር ብቻ አይደለም፤ በአካል የሚሠራና በልምምድ የሚጠነክር ችሎታ ነው።

ይህን ሥራ መሣሪያው ሲረከበው ምን እንደሚከተል የመረመሩ ጥናቶች አሉ። በጃፓን ኢሺካዋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ በእግር ሲጓዙ ጂፒኤስ የተጠቀሙ ተሳታፊዎች የወረቀት ካርታ ከያዙትና መንገዱን አስቀድመው ከተመለከቱት ይልቅ ረጅም ርቀት ተጉዘዋል፤ ደጋግመውም ቆመዋል። መንገዱን አስቀድመው ካዩት ጋር ሲነጻጸሩ ደግሞ አቅጣጫን በማመልከት የበለጠ ተሳስተዋል። በካናዳ ዳህማኒና ቦቦ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት 50 አሽከርካሪዎችን ፈትነው፣ በዘመናቸው ጂፒኤስን አብዝተው የተጠቀሙት ሰዎች ያለ እርዳታ መንገድ ሲፈልጉ የቦታ ትውስታቸው ደካማ መሆኑን አግኝተዋል። ከእነዚህ መካከል ከሦስት ዓመት በኋላ እንደገና የተፈተኑት 13ቱ ሲታዩም፣ በመካከሉ ጂፒኤስን ይበልጥ የተጠቀሙት ይበልጥ አሽቆልቁለው ተገኝተዋል። የኋለኛው ናሙና ትንሽ በመሆኑ ውጤቱን በጥንቃቄ መውሰድ ይገባል፤ አቅጣጫው ግን ከቀደመው ጥናት ጋር ይስማማል።

ለኦሪየንቴሪንግ ይበልጥ የሚቀርበው ኤክልስ፣ ዋልሽና ኢንግልድው እ.ኤ.አ. በ2002 በብሪታንያ ብቁ ሯጮች ላይ ያደረጉት ጥናት ነው። በጥናቱ መሠረት የሯጩ ዋና ችግር ውስን የሆነውን ትኩረቱን ለካርታው፣ ለአካባቢውና ለራሱ ጉዞ ማከፋፈል ነው። ብቁ ሯጭ ወደፊት የሚያገኘውን ነገር ከካርታው አስቀድሞ ያነብባል፤ ካርታውን ያቀልለዋል፤ ከዚያም ዓይኑን ወደ መሬቱ መልሶ የጠበቀውን ይፈልጋል። ሰማያዊ ነጥብ የሚከተል ሰው ግን ይህን ሰንሰለት ከመነሻው ይቆርጠዋል፤ አስቀድሞ የሚጠብቀው ነገር ስለሌለ አካባቢውን የሚያይበት ምክንያትም አይኖረውም።

በአዲስ አበባ ለዚህ ልምምድ የሚጠቅም ነባር ልማድ አለ። በከተማዋ መንገድ የተጠየቀ ሰው የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ከመጥራት ይልቅ "ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ታች፣ ድልድዩን ተሻግረህ በስተቀኝ" ብሎ ያመለክታል። ይህ አነጋገር መሬትን በታወቁ ምልክቶችና በዳገት ቁልቁለት ማንበብ ነው፤ የኦሪየንቴሪንግ ሯጭም በኮንቱር መስመርና በካርታ ምልክት የሚያደርገው ተመሳሳይ ሥራ ነው።

ካርታውን ማዘጋጀት

ካርታ ከሁሉ የሚቀድም ነው። የኦሪየንቴሪንግ ካርታ በመግነጢሳዊው ሰሜን የተቃና ሲሆን ለጫካ ሩጫ ባብዛኛው በ1:15,000 ወይም በ1:10,000፣ ለከተማና ለቅጥር ግቢ አጭር ሩጫ ደግሞ በ1:4,000 ስኬል ይሠራል። በ1:10,000 ካርታ አንድ ሴንቲ ሜትር 100 ሜትር ነው፤ በ1:4,000 ደግሞ 40 ሜትር። ቀለማቱ ስለ ሩጫ ይናገራሉ፤ ነጭ በቀላሉ የሚሮጥበት ደን፣ ቢጫ ሜዳ፣ አረንጓዴ ለሩጫ የሚያስቸግር ጥቅጥቅ ያለ ዕፅዋት፣ ሰማያዊ ውኃ፣ ቡናማ የመሬት ቅርፅ፣ ጥቁር ድንጋይና ሰው ሠራሽ ነገር ነው። በኢትዮጵያ የሚገኘው የተለመደው 1:50,000 የመልክዐ ምድር ካርታ ለሌላ ሥራ ጠቃሚ ቢሆንም ለዚህ አይበቃም፤ የነጥቡ የ15 ሜትር ራዲየስ በእርሱ ላይ 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናልና።

ለጀማሪ የሚመከረው የራስን ቅጥር ግቢ ካርታ መሥራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ በበጎ ፈቃደኞች የሚሰበሰብ ነፃ የካርታ መረጃ ሲሆን፣ ኦፕን ኦሪየንቴሪንግ ማፕ የተባለው አገልግሎት ይህንኑ መረጃ በስፖርቱ ቀለማትና ምልክቶች ለኅትመት ያዘጋጃል። ዝርዝር ለመጨመር ኦፕን ኦሪየንቴሪንግ ማፐር፣ ነጥቦችን በካርታ ላይ ለመደርደርም ፐርፕል ፔን የተባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ሆኖም የወጣው ካርታ በእግር ሳይፈተሽ ለሩጫ መዋል የለበትም። የተቆለፈ በር፣ አዲስ የታጠረ አጥር፣ ተቆፍሮ የተተወ ጉድጓድ በኢንተርኔት መረጃ ውስጥ ላይገኙ ይችላሉ፤ ሯጩን የሚያሳስቱትና የሚጎዱትም እነዚሁ ናቸው።

ወደ ተራራ ሲወጣ የኮንቱር መስመር ጉዳይ ይነሣል። በነፃ ከሚገኙት የከፍታ መረጃዎች መካከል የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 በራዳር የሰበሰበው ይገኛል። ይህ መረጃ መሬትን 30 ሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ክፍልፋዮች የሚለካ ሲሆን፣ ራዳሩ በደን ውስጥ ከመሬቱ ይልቅ ከዛፎቹ ቅርንጫፍና ቅጠል ላይ ሊመለስ ይችላል። እንደ እንጦጦ ባለ የባሕር ዛፍ ደን ውስጥ ዛፉ የተቆረጠበትና ያልተቆረጠበት ቦታ ድንበር በካርታው ላይ የሌለ ገደል መስሎ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ከዚህ መረጃ የተሳሉ ኮንቱሮች ትልቁን ሸለቆና ሸንተረር እንጂ ትንሿን ጉብታ እንደማያሳዩ ማወቅ ያስፈልጋል።

የኮምፓስ ጉዳይም አካባቢያዊ ገጽታ አለው። የምድር መግነጢስ መስመሮች በሰሜን አውሮፓ ወደ መሬት በኃይል ስለሚያዘቀዝቁ፣ ለዚያ አካባቢ የተሠራ ኮምፓስ መርፌው እንዳያጋድል ሚዛን ይጨመርበታል። መግነጢሳዊው ምድር ወገብ ግን በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ እዚህ መስመሮቹ አግድም ስለሆኑ ያው ኮምፓስ በተቃራኒው አጋድሎ በመስታወቱ ላይ ሊነካና በትክክል ላይዞር ይችላል። ስለዚህ ሲገዛ ለአካባቢው የተመጣጠነ ወይም በየትኛውም የዓለም ክፍል እንዲሠራ የተዘጋጀ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። የስልኩ ውስጣዊ ኮምፓስ በብረትና በመግነጢስ መዝጊያ ባለው የስልክ ሽፋን ስለሚታወክ ለመጠባበቂያ እንጂ ለዋና መሣሪያነት አይመረጥም።

የመጀመሪያዎቹ አራት ሩጫዎች

የመጀመሪያው ልምምድ ያለ ሩጫና ያለ ስልክ ይደረግ። ጀማሪው የታተመውን ካርታ ይዞ በቅጥር ግቢው ውስጥ ይራመድ፤ በዞረ ቁጥር ካርታውን ከመሬቱ ጋር እንዲገጥም ያዙረው፤ ያለበትንም ቦታ በአውራ ጣቱ ይዞ ጣቱን ከእርምጃው ጋር ያንቀሳቅስ። በዚሁ ቀን 100 ሜትር ለክቶ፣ ቀኝ እግሩ መሬት በነካ ቁጥር አንድ እያለ በእርምጃም በሩጫም ይቁጠር። ይህ ቁጥር ርቀትን ያለ መሣሪያ ለመገመት ያገለግለዋል፤ በዳገት ላይ እንደሚጨምርም ልብ ይበል።

በሁለተኛው ልምምድ ስልኩ ይገባል፤ ግን ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። መተግበሪያው የሯጩን ቦታ እንዳያሳይ ይስተካከልና ስልኩ ድምፅ ብቻ ያሰማል። ከ6 እስከ 8 ነጥቦች ያሉት፣ ከ2 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ መስመር ይበቃል። ጀማሪው ለእያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ ከካርታው ያንብብ፤ ተከትሎ የሚሄድበትን ረጅም ነገር፣ ለምሳሌ አጥር፣ ቦይ ወይም የእግር መንገድ፤ ለነጥቡ የሚቀርበውን በቀላሉ የሚታወቅ ምልክት፤ እንዲሁም ነጥቡን አልፎ እንደሄደ የሚያስታውቀውን መግቻ። ቁም ነገሩ ስልኩ ከመጮኹ በፊት "ነጥቡ እዚህ ነው" ብሎ መወሰን ነው። ድምፁ ውሳኔውን የሚያረጋግጥ ከሆነ ትምህርት ነው፤ ድምፁ እስኪሰማ አካባቢውን መዞር ግን ስልክን ጠይቆ መልስ እንደ መጠበቅ ይቆጠራል።

በሦስተኛው ልምምድ ሩጫው ይጀመራል፤ የመንገድ ምርጫም ይታከላል። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ካወጣው የጉዞ ግምት የሚገኘው ስሌት አንድ ሜትር ወደ ላይ መውጣት በሜዳ 8 ሜትር ያህል ከመሄድ ጋር እንደሚስተካከል ያሳያል። ለምሳሌ በኮረብታው ላይ የሚያቋርጠው መንገድ 600 ሜትር ሆኖ 40 ሜትር የሚያስወጣ ቢሆን፣ ዋጋው 600 እና 320 ተደምሮ 920 ሜትር ይሆናል። ዞሮ የሚሄደው 800 ሜትር ሆኖ 5 ሜትር ብቻ የሚያስወጣ ቢሆን ግን 840 ሜትር ነው። ረጅሙ መንገድ ፈጣን ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ ይህ ስሌት ይበልጥ ይከብዳል፤ ትንፋሹ የተቆረጠ ሯጭ ካርታ ማንበብ ያቅተዋልና። ካርታውን በሚገባ ለማንበብ የሚያስችል ፍጥነት የጀማሪ ትክክለኛ ፍጥነት ነው።

አራተኛው ልምምድ ወደ መናፈሻ ወይም ወደ ደን ይወስዳል። እዚህ ካርታውና ኮምፓሱ በአንድነት ይሠራሉ፤ ነጥቦቹም ከኮንቱር ቅርፆች ጋር ይያያዛሉ። ጀማሪው ቢጠፋ፣ ወደሚያውቀው የመጨረሻ ቦታ ይመለስ። ስልኩን አውጥቶ ሰማያዊውን ነጥብ ማየት እንደ ውድቀት ሳይሆን እንደ መውጫ በር ይቆጠር፤ ነገር ግን የታየበት ሰዓትና ቦታ ይመዝገብ። ለፍርሃቱ መድኃኒት የሆነው ስልክ ልማድ እንዳይሆንበት የሚጠብቀው ይህ መዝገብ ነው።

ቃልና ዱካ

ከሩጫው በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ከሩጫው ያላነሰ ዋጋ አለው። ሯጩ ስልኩ የመዘገበውን ዱካ ከመክፈቱ በፊት ንጹሕ ካርታ ወስዶ የሄደበትን መንገድ በእርሳስ ከትውስታው ይሣል፤ የተጠራጠረበትን ቦታም ምልክት ያድርግበት። ከዚያ በኋላ ዱካውን ይክፈትና ሁለቱን ያስተያይ። መጀመሪያ የሯጩ ቃል፣ ቀጥሎ የስልኩ ምስክርነት ይሰማ።

ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ፈራጁ ካርታው ነው። ዱካው በሕንፃ መሐል ሰንጥቆ ያለፈ ከሆነ ወይም በአንድ ሰከንድ ውስጥ 30 ሜትር የዘለለ ከሆነ ስህተቱ የስልኩ ነው። ሯጩ ያልሳለው ረጅም መጠምዘዝ በዱካው ላይ ካለ ግን የጠፋው እርሱ ነው፤ መጥፋቱንም በጊዜው አላወቀም። ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው ይህ ሁለተኛው ዓይነት ስህተት ነው። የየነጥቡ ሰዓት ሲታይም የጠፋው ጊዜ በእግር መዘግየት ይሁን በአቅጣጫ መሳት ተለይቶ ይታወቃል። ለተመራማሪ ደግሞ በትውስታ የተሣለው መስመርና በመሣሪያ የተመዘገበው ዱካ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የቦታ ትውስታን ለማጥናት በአነስተኛ ወጪ የሚገኝ መረጃ ይሆናሉ።

ደኅንነት፣ ፈቃድና የግል መረጃ

በማይታዩ ነጥቦች የሚደረግ ሩጫ ለተመልካች ግራ የሚያጋባ ነው። ካርታ ይዞ በሕንፃዎች መካከል ወዲያ ወዲህ የሚሮጥ ሰው ጥርጣሬ ቢያስነሣ አያስገርምም፤ ስለዚህ የግቢውን አስተዳደርና ጥበቃ አስቀድሞ ማሳወቅና ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ነጥቦችም ከወታደራዊ ተቋማት፣ ከኤምባሲዎችና ከመኖሪያ ደጆች መራቅ አለባቸው። ተሽከርካሪ የሚበዛበትን መንገድ የሚያቋርጥ መስመር ለሰዓት ፉክክር አይሆንም። ወደ ደን የሚወጡ ሯጮች በቡድን ይሂዱ፤ የመመለሻ ሰዓት ይወስኑ፤ ፊሽካ ይያዙ፤ ሳይመሽም ይመለሱ።

የግል መረጃም ሊዘነጋ አይገባም። ስትራቫ የተባለው የስፖርት መተግበሪያ ያሳተመው የተጠቃሚዎች የጉዞ ካርታ የወታደር ሰፈሮችን መገኛ እንዳጋለጠ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ታውቋል። አንድን ሰፈር የገለጠ ዱካ የአንድን ተማሪ መኖሪያና የሚሮጥበትን ሰዓት መግለጡ አይቀርም። ስለዚህ ምዝገባው ከቤት ደጅ ሳይሆን ከሩጫው መነሻ ይጀመር፤ ዱካውን ለጥናት የሚሰበስብም ሰው የሯጮቹን ፈቃድ ይጠይቅ።

መደምደሚያ

ስማርት ስልክ ኦሪየንቴሪንግን ለማዘጋጀት የሚጠይቀውን ወጪ አቅልሏል፤ በዚያው መጠን ደግሞ የስፖርቱን ፍሬ የመውሰድ ኃይል አለው። ሁለቱን የሚለያቸው ስልኩ የሚጠየቅበት ሰዓት ነው። ከውሳኔ በፊት የተጠየቀ ስልክ በሯጩ ቦታ ሆኖ ይወስናል፤ ከውሳኔ በኋላ የተጠየቀ ስልክ ግን ውሳኔውን ይመዝናል። ጀማሪ ከዚህ ሁሉ አንድ ልማድ ብቻ ቢይዝ፣ ካርታውን በእጁ፣ ስልኩን በኪሱ አድርጎ መነሣትን ይያዝ፤ ሲመለስም ዱካውን ከመክፈቱ በፊት መንገዱን በእርሳስ ይሣል።